ፍራንክ ማክናማራ፡ የክሬዲት ካርድን መንገድ ከፍቶ ድርሻውን በ200 ሺህ ዶላር የሸጠው ሰው

ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚበር መንገደኛ አስቤዛ ሲገዛና ነዳጅ ሲቀዳ በክሬዲት ካርዱ ባጠራቀመው ነጥብ ትኬት ሊቆርጥ ይችላል። ጉዞውም በነጻ የተገኘ ይመስለዋል። ነጥቡ ግን ከሰማይ የወረደ መና አይደለም፤ ወጪውን የሚሸፍን ሌላ ሰው አለ።

ይህን ከፋይ ከ70 ዓመታት በፊት ካገኙት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ፍራንክ ማክናማራ ነው። የካርድ ነጥብ የሚባል ነገር ሳይፈጠር በ40 ዓመቱ ያረፈ አሜሪካዊ ነጋዴ ነበር።

እአአ በ1917 የተወለደው ማክናማራ፣ በ1940ዎቹ መገባደጃ ኒው ዮርክ ውስጥ ሃሚልተን ክሬዲት ኮርፖሬሽን የተባለ አነስተኛ አበዳሪ ድርጅት ይመራ ነበር። የዕለት ሥራው ማበደርና ያበደሩትን ማስመለስ ነው። ሰው ለምን እንደሚበደርና መቼ መክፈል እንደሚያቅተው ከማንም በላይ ያውቅ ነበር።

በዚያ ዘመን ዱቤ ለአሜሪካውያን አዲስ ነገር አልነበረም። ትላልቅ መደብሮችና የነዳጅ ኩባንያዎች ለደንበኞቻቸው የራሳቸውን የዱቤ ካርድ ይሰጡ ነበር። ችግሩ የአንዱ ካርድ ለሌላው የማይሠራ መሆኑ ነው። አንድ ባለሱቅ በደብተሩ የመዘገበው ዱቤ ለጎረቤቱ ሱቅ ምንም እንደማይፈይደው ማለት ነው።

ቀጥሎ የሆነው ነገር በሁለት መልክ ይተረካል። በብዛት የሚነገረው፣ ማክናማራ በ1949 ኤምፓየር ስቴት ሕንጻ አጠገብ በነበረው ሜጀርስ ካቢን ግሪል እንግዶች ጋብዞ፣ ሒሳቡ ሲመጣ ቦርሳውን መርሳቱን አወቀ፤ ባለቤቱ ገንዘብ ይዛ መጥታ ከሐፍረት አዳነችው የሚለው ነው። ታሪኩን የመረመሩ ጸሐፊዎች ግን ይህ ለማስታወቂያ የተቀመረ ሳይሆን አይቀርም ባይ ናቸው።

ሁለተኛው ትረካ ድምቀቱ ያንሳል፤ ለእውነት ግን የሚቀርብ ይመስላል። ከማክናማራ ተበዳሪዎች አንዱ የመደብር ዱቤ ካርዶቹን ለተቸገሩ ጎረቤቶቹ እያዋሰ፣ የገዙበትን ከነጭማሪው ይቀበል ነበር። ጎረቤቶቹ መክፈል ሲያቅታቸው ዕዳው በእርሱ ላይ ወደቀ። ማክናማራ፣ ጠበቃው ራልፍ ሽናይደርና የታዋቂው መደብር ባለቤቶች ቤተሰብ የሆነው አልፍሬድ ብሉሚንግዴል ስለዚሁ ሰው ምሳ ላይ ሲያወሩ ሐሳቡ እንደተጸነሰ ይነገራል።

ያ ተበዳሪ ሳያውቀው አዲስ ሥራ ጀምሮ ነበር፤ በሻጭና በገዢ መካከል ሦስተኛ ሰው ሆኖ ቆሟል። የተሳሳተው ትርፉን ከደካማው ወገን፣ ከድሃ ጎረቤቱ በመፈለጉ ነው። ማክናማራና ባልደረቦቹ ቀመሩን ገለበጡት፤ ዋናውን ገንዘብ የሚከፍለው ነጋዴው ይሁን አሉ።

በየካቲት 1950 ማክናማራ ወደ ሜጀርስ ካቢን ግሪል ተመልሶ የምግቡን ሒሳብ ከካርቶን በተሠራች ትንሽ ካርድ ከፈለ። ዳይነርስ ክለብ ሥራ የጀመረው እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹ አባላት 200 ያህል ነበሩ፤ አብዛኞቹም የማክናማራ ወዳጆችና ትውውቆች። ካርዱን የሚቀበሉት ምግብ ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ክለቡ ለምግብ ቤቱ ገንዘቡን ይከፍላል፤ ከእያንዳንዱ ሒሳብ ግን 7 በመቶ ይቆርጣል። ባለካርዱ ወር ጠብቆ ሙሉውን ዕዳ ይዘጋል፤ ወለድ የለበትም። ጥቂት ቆይቶ የ3 ዶላር ዓመታዊ መዋጮ ተጨመረ።

ከመቶው 7ቱን አሳልፎ መስጠት ለአንድ ምግብ ቤት ቀላል አልነበረም። አባል ከሌለ ምግብ ቤቶች አይገቡም፤ ምግብ ቤት ከሌለ ደግሞ አባል አይመጣም። ባለቤቶቹን ያሳመናቸው፣ በመሥሪያ ቤቱ ወጪ ደንበኛ የሚጋብዝ ነጋዴ ኪሱን ሳይዳስስ አብዝቶ ያዝዛል የሚለው ክርክር ነው። ክርክሩ ትክክል ነበር፤ ዓመቱ ሳያልቅ አባላቱ 20 ሺህ ደረሱ።

ማክናማራ ግን በገዛ ፈጠራው የተማመነ አይመስልም። የካርዱ ነገር እንደ ፋሽን መጥቶ የሚያልፍ መስሎት በ1952 ገደማ ድርሻውን ለባልደረቦቹ በ200 ሺህ ዶላር ሸጠ። ለዘመኑ ትንሽ ገንዘብ አልነበረም። በ1957 አረፈ።

በሞተ በዓመቱ በ1958 አሜሪካን ኤክስፕረስ የራሱን ካርድ አወጣ። ባንክ ኦፍ አሜሪካም ፍሬስኖ ለተባለችው የካሊፎርኒያ ከተማ ነዋሪዎች፣ ኋላ ቪዛ የሆነውን ካርድ በፖስታ ቤት አደለ። የባንኩ ካርድ ማክናማራ ያልፈቀደውን በር ከፈተ፦ ዕዳን በከፊል ከፍሎ ቀሪውን በወለድ ማሳደር።

ነጥብና ማይል የመጡት ዘግይተው ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ በግንቦት 1981 የደንበኞቹን ማይል መቁጠር ጀመረ፤ ዩናይትድ በቀናት ልዩነት ተከተለው። በ1984 ዳይነርስ ክለብ ራሱ ለባለካርዶቹ ነጥብ መስጠት ያዘ። በ1987 ሲቲባንክ ከአሜሪካን ኤርላይንስ ጋር ተስማምቶ በካርድ ለሚወጣ ወጪ ማይል ሰጠ።

የዚህ ሁሉ ምንጭ ያው የማክናማራ ቆረጣ ነው። መጠኑ ከ7 በመቶ እጅግ ወርዷል፤ በአሜሪካ ዛሬ በአብዛኛው ከ2 በመቶ ብዙ አይርቅም። ባንኩ ከነጋዴው ከሚያገኘው ከፍሎ ከአየር መንገዱ ማይል ይገዛል፤ ለባለካርዱም ያድላል። ነጋዴው ደግሞ የተቆረጠበትን በዕቃው ዋጋ ላይ ይጨምራል፤ በጥሬ ገንዘብ የሚገዛው ሳይቀር ይከፍላል። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 የባንኮቹን ድርሻ ለክሬዲት ካርድ በ0.3 በመቶ የገደበው ለዚህ ነው። ለንደንና ፍራንክፈርት የሚኖር ሰው የሚያገኘው ነጥብ ዋሽንግተን ካለው ዘመዱ የሚያንሰውም በአመዛኙ በዚህ ሳቢያ ነው።

በዚህ ሥርዓት የሚያተርፈው እንደ 1950ዎቹ የክለቡ አባል ወር በገባ ቁጥር ሙሉውን የሚከፍል ነው። የአሜሪካ ካርዶች ወለድ በአማካይ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ሲሆን ነጥቡ የወጪውን 1 ወይም 2 በመቶ ቢመልስ ነው። ዕዳ የሚያሳድር ሰው የራሱን ሽልማት ራሱ አሳምሮ ይከፍላል።

የነጥቡ ዋጋም እንደ አጠቃቀሙ ይለያያል። በዕቃ ከመለወጥ ይልቅ ወደ አየር መንገድ ማይል ማዛወር ብዙ ጊዜ ያዋጣል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከታኅሣሥ 2011 ጀምሮ የስታር አሊያንስ አባል በመሆኑ፣ በዩናይትድ መርሐ ግብር የተጠራቀመ ማይል በኢትዮጵያ አውሮፕላን መቀመጫ ያስገኛል። ማይል ግን ወለድ አይወልድም፤ አየር መንገዶች ለአንድ ትኬት የሚጠይቁትን ማይል በየጊዜው ከፍ ስለሚያደርጉ ለዓመታት ማከማቸት አያዋጣም።

ላይፍ መጽሔት በ1990 ማክናማራን ከ20ኛው ክፍለ ዘመን 100 ተፅዕኖ ፈጣሪ አሜሪካውያን አንዱ አደረገው። የዳይነርስ ክለብ ዓለም አቀፍ የክፍያ መረብም በ2008 በ165 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ገዢው ዲስከቨር ነው፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ብቅ ብሎ ለባለካርዶቹ ካወጡት ላይ ጥሬ ገንዘብ በመመለስ ስሙን የተከለው ኩባንያ።