በርናርዶ ኡሳይ

በርናርዶ አልቤርቶ ኡሳይ (ከኤፕሪል 10 ቀን 1887 እስከ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1971 እ.ኤ.አ.) አርጀንቲናዊ ሐኪምና የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ነበሩ። ከአንጎል ሥር የምትገኘው የፒቱታሪ ዕጢ በሰውነት የስኳር አጠቃቀም ላይ ያላትን ድርሻ በማግኘታቸው በ1947 እ.ኤ.አ. የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። በሳይንስ ዘርፍ ኖቤል ያገኙ የመጀመሪያው የላቲን አሜሪካ ተወላጅ ናቸው። የኢንሱሊን መድኃኒት ኃይል በመርፌው መጠን ብቻ ሳይሆን በሌሎች ሆርሞኖችም እንደሚወሰን ያሳዩት እሳቸው ናቸው።

ትምህርትና ሥራ

ኡሳይ የተወለዱት በቡዌኖስ አይሬስ ከተማ ሲሆን ወላጆቻቸው ከፈረንሳይ የመጡ ነበሩ። አባታቸው ጠበቃ ነበሩ፤ ቤተሰቡም ስምንት ልጆች ነበሩት። ኡሳይ በ14 ዓመታቸው በቡዌኖስ አይሬስ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ገቡና በ1904 ተመረቁ። ቀጥለውም ሕክምና አጠኑ። ስለ ፒቱታሪ ዕጢ ያዘጋጁት የመመረቂያ ጽሑፍ በ1911 የዩኒቨርሲቲውን ሽልማት አስገኘላቸው።

በ1910 በእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ሆኑ። በ1919 ደግሞ በሕክምና ትምህርት ቤቱ ተመሳሳይ ወንበር ይዘው የፊዚዮሎጂ ተቋም አደራጁ። ተቋሙም በዓለም የታወቀ የምርምር ማዕከል ሆነ። በ1920 የኬሚስትሪ ባለሙያዋን ማሪያ አንሄሊካ ካታንን አገቡ፤ ሦስቱም ወንዶች ልጆቻቸው ሐኪሞች ሆኑ።

የፒቱታሪ ዕጢና የስኳር በሽታ

ኢንሱሊን በ1921 በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ ሲገኝ፣ የስኳር በሽታ የቆሽት ችግር ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ይበልጥ ጸና። ኡሳይ ግን ፒቱታሪያቸው የወጣ እንስሳት ለኢንሱሊን ከመጠን በላይ ስሱ እንደሆኑ አስተዋሉ። ጤነኛ እንስሳ ያለ ችግር የሚችለው ጥቂት መጠን የእነዚህን እንስሳት የደም ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ያወርደው ነበር።

ከዚያም ኡሳይና ባልደረቦቻቸው ዋናውን ሙከራ አደረጉ። ቆሽቱ የወጣ ውሻ የደም ስኳሩ እጅግ ይጨምራል፤ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። ፒቱታሪው አብሮ ከወጣ ግን በሽታው በጣም ይቀልለታል፤ ዕድሜውም ይረዝማል። የዕጢዋ የፊተኛው ክፍል ጭማቂ ሲወጋ ስኳሩ መልሶ ይጨምራል። ይህ ዓይነቱ እንስሳ በሳይንስ መጻሕፍት «የኡሳይ ውሻ» ተብሎ ይጠራል። ተመሳሳይ ሙከራ በጉርጦችም ላይ ተደርጓል።

የዚህ ምክንያት ኋላ ላይ በዝርዝር ታወቀ። ፒቱታሪ ከምታመነጫቸው ሆርሞኖች አንዱ፣ የዕድገት ሆርሞን፣ የኢንሱሊንን ሥራ ይቃወማል። ሌላው ደግሞ ከኩላሊት በላይ ያሉትን አድሬናል ዕጢዎች ኮርቲሶል እንዲያመነጩ ያዛል። ኮርቲሶል ሰውነት በጭንቀት፣ በሕመም ወይም በጉዳት ጊዜ የሚያበዛው ሆርሞን ነው። ጉበት ስኳር እንዲያመርት ያደርጋል፤ ጡንቻና ስብ ለኢንሱሊን ያላቸውን ምላሽ ይቀንሳል። ስለዚህ የታመመ ወይም ቀዶ ሕክምና የተደረገለት የስኳር ሕመምተኛ ከወትሮው የበለጠ ኢንሱሊን ሊያስፈልገው ይችላል።

አሜሪካዊው ሐኪም ሃርቪ ኩሺንግ በ1932 የገለጹት በሽታም ይህንኑ ያሳያል። በበሽታው ፒቱታሪ ከልክ በላይ ትእዛዝ ስትሰጥ ኮርቲሶል ይበዛል፤ ፊትና ሆድ ይወፍራሉ፤ የደም ስኳርም ሊጨምር ይችላል። ተራ ውፍረት ከዚህ በሽታ የተለየ ቢሆንም፣ በእሱም ቢሆን ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ይዳከማል።

በ1950ዎቹ፣ የኡሳይን ግኝት ተከትለው፣ ዓይናቸው በስኳር በሽታ የተጎዳ አንዳንድ ሕመምተኞችን ፒቱታሪ በማውጣት ለማከም የሞከሩ ሐኪሞች ነበሩ። ነገር ግን ዕጢዋን ያጣ ሰው ዕድሜ ልኩን ሆርሞን በመድኃኒት መተካት ነበረበት፤ ኋላም የዓይን የሌዘር ሕክምና ሲመጣ ቀዶ ሕክምናው ቀረ።

ከሥራ መባረር

በ1943 በአርጀንቲና ወታደራዊ መንግሥት ሥልጣን ያዘ። ኡሳይ በአገሪቱ እውነተኛ ዴሞክራሲ እንዲኖር የሚጠይቅ መግለጫ ከፈረሙት ምሁራን አንዱ ስለነበሩ ከፕሮፌሰርነታቸውና ካደራጁት ተቋም ተባረሩ። ከውጭ አገር ብዙ የሥራ ግብዣ ቢደርሳቸውም አገራቸውን ለቀው አልሄዱም። በ1944 በግል መዋጮ የሥነ ሕይወትና የሙከራ ሕክምና ተቋምን ከተማሪዎቻቸው ጋር መሥርተው ምርምራቸውን ቀጠሉ። በ1945 ወደ ዩኒቨርሲቲው ቢመለሱም በ1946 እንደገና እንዲወጡ ተደረገ።

የኖቤል ሽልማት ሲሰጣቸው ከዩኒቨርሲቲው ውጪ ነበሩ። የሽልማቱን ግማሽ እሳቸው፣ ሌላውን ግማሽ ካርል ኮሪና ባለቤታቸው ጌርቲ ኮሪ ወሰዱ። ወደ ዩኒቨርሲቲው በቋሚነት የተመለሱት በ1955 መንግሥት ሲለወጥ ነው።

ውርስ

በ1958 የአርጀንቲና ብሔራዊ የሳይንስና የቴክኒክ ምርምር ምክር ቤት ሲቋቋም ኡሳይ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከተማሪዎቻቸው መካከል ሉዊስ ሌሎይር በ1970 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ኡሳይ በተወለዱባት ከተማ በ84 ዓመታቸው አረፉ። የልደት ቀናቸው ኤፕሪል 10 በአርጀንቲና የሳይንስ ተመራማሪዎች ቀን ሆኖ ይታሰባል።