ምግብን የሚያቃጥል ሰውነት

አንቷን ላቯዚዬ እ.ኤ.አ. በ1743 ፓሪስ ውስጥ ተወለደ። ሕግ ቢማርም ልቡ ያደላው ለኬሚስትሪ ነበር። በ1780ዎቹ መጀመሪያ ከሒሳብ ሊቁ ላፕላስ ጋር አንዲት ጊኒ ፒግ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀመጠ። ሙቀቷ ያቀለጠውን በረዶና የተነፈሰችውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለክቶ ከከሰል ቃጠሎ ጋር አነጻጸረ። መተንፈስ ማለት ዝግ ያለ ቃጠሎ መሆኑንም ተረዳ። ቆይቶም ሰው ሲበላ፣ ሲበርደውና ሲሠራ የሚጠቀመው ኦክስጅን እንደሚጨምር አሳየ። ይሁን እንጂ የንጉሡን ግብር ከሚሰበስበው ማኅበር ባለድርሻዎች አንዱ በመሆኑ፣ በፈረንሳይ አብዮት ወቅት በ1794 በሞት ተቀጣ። ገና 50 ዓመቱ ነበር።

እሱ የጀመረውን ሌሎች ቀጠሉበት። ስኳርም፣ ስብም፣ ፕሮቲንም በሴሎቻችን ውስጥ በኦክስጅን አማካይነት ጉልበት እንደሚሰጡ ዛሬ እናውቃለን። አንድ ግራም ስብ 9፣ አንድ ግራም ስኳር ወይም ፕሮቲን ደግሞ 4 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ከምናቃጥለው በላይ ስንበላ ትርፉ በአብዛኛው ስብ ሆኖ ይጠራቀማል፤ ለስኳር በሽታና ለልብ ሕመምም ያጋልጣል።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ሥራችሁ መቀመጥ የሚበዛበት ከሆነ ምግባችሁን መጥኑ፤ በቀን ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ። ሕመም ያለባችሁ ግን አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ።