ሙቱስዋሚ ዲክሺታርና የታመመው ደቀ መዝሙር

በደቡብ ሕንድ ስለ ዜማ ፈዋሽነት ሲወሳ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሣ አንድ የሙዚቃ ሊቅ አለ፤ እርሱም ሙቱስዋሚ ዲክሺታር ነው። የተወለደው በ1770ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በታሚሎች አገር፣ ቲሩቫሩር በተባለች የቤተ መቅደስ ከተማ ነው። የካርናቲክ ሙዚቃ ምሰሶዎች የሚባሉት ሦስቱ ደራስያን ሁሉ የዚህችው ከተማ ተወላጆች ሲሆኑ፣ ከሦስቱ በዕድሜ ታናሹ ዲክሺታር ነበር።

አባቱ ራማስዋሚ የታወቀ ዜመኛ ስለ ነበረ፣ ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሳንስክሪት ቋንቋና በሙዚቃ ኮተኮተው። ዲክሺታር በወጣትነቱ ቺዳምባራናታ ዮጊ የተባለውን መምህር ተከትሎ ወደ ካሺ ተጓዘ። በዚያ በተቀመጠባቸውም ዓመታት ድሩፓድ ከተባለው የሰሜን ሕንድ ዝግተኛ አዘማመር ጋር ተዋወቀ። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በድርሰቶቹ ላይ ጎልቶ የታየው ይኸው እርጋታ ነው።

በትውፊት እንደሚነገረው፣ ታምቢያፓን የተባለ ከበሮ መቺ ደቀ መዝሙሩ በጽኑ የሆድ ሕመም ይሠቃይ ነበር። ዲክሺታር ኮከብ መቍጠርም ያውቅ ነበርና የደቀ መዝሙሩን ኮከብ ቢመረምር፣ ጁፒተር በክፉ ስፍራ ላይ ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ለዚሁ ፈለክ፣ አታና በተባለው ራጋ አንድ መዝሙር ደርሶ ዕለት ዕለት እንዲዘምረው ሰጠው፤ ታማሚውም ዳነ ይባላል። የሳምንቱን ዕለታት ለሚገዙት ፈለካት የተደረሱት ሰባቱ መዝሙሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የምት ሥርዓት አላቸው።

ኮከብ ሆድን እንደማያሳምም ዛሬ የታወቀ ነው። ሆኖም ኮከቤ ከፍቶብኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው በሕመሙ ላይ ጭንቀት እንደሚጨመርበት መገመት አያዳግትም። መምህሩ ለዚህ ሰው የሰጠው ከፍርሃቱ ጋር ብቻውን እንዳይውል የሚያደርግ የዕለት ተግባር ነበር። በእንዲህ ያለ ዝግተኛ መዝሙር ዘማሪው ትንፋሹን ማርዘም ግድ ይሆንበታል፤ የምቱ ዙር ተመልሶ የሚመጣበት ስፍራም አስቀድሞ የታወቀ ነው። በሕንድ አዘማመር ከዜማው ሥር ሳይቋረጥ የሚሰማው የታምቡራ ድምፅም ለጆሮ ማረፊያ ይሆናል። የፊዚክስ ሊቁ ቻንድራሴካራ ቬንካታ ራማን በ1921 እ.ኤ.አ. ባደረገው ምርምር፣ የዚህ ድምፅ ሙላት የሚመጣው አውታሮቹ ከሚያርፉበት ብርኩማ ጉብጠት መሆኑን አመልክቷል።

ትውፊቱ የሚናገረውን ሁሉ ሳይንስ አላጸደቀም። ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጥናት ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ፣ ቀዶ ሕክምና የሚጠባበቁ 2,051 ሕሙማን የተካፈሉባቸውን 26 ጥናቶች መርምሮ፣ ሙዚቃ ማዳመጥ ጭንቀትን ሊቀንስ እንደሚችል ደምድሟል። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ጥናቶች የአሠራር ድካም ስላለባቸው ውጤቱ በጥንቃቄ እንዲታይ አሳስቧል። ግምገማው የተካሄደው ስለ ሙዚቃ በጠቅላላው እንጂ ስለ ራጋ ለይቶ አይደለም። ስለሆነም ለእያንዳንዱ በሽታ አንድ ራጋ እያዘዙ ታማሚውን ከሐኪም የሚያርቁ ሰዎች የዲክሺታርን ስም መጠጊያ ሊያደርጉት አይገባም። ዜማ የተጨነቀን ሰው ሊያረጋጋ ይችላል፤ የሆድ ሕመምን ምክንያት መርምሮ ማግኘት ግን የሐኪም ሥራ ነው።

ዲክሺታር በ1835 እ.ኤ.አ. በኤታያፑራም ዐረፈ። መዝሙሮቹ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ሲተላለፉ ከቆዩ በኋላ፣ ከቤተሰቡ የሆነው ሱባራማ ዲክሺታር በ1904 እ.ኤ.አ. ከዜማ ምልክታቸው ጋር አሳተማቸው። ለዚህ የሁለት ትውልድ ድካም ምስጋና ይግባውና፣ ለደቀ መዝሙሩ ተደረሰ የሚባለው መዝሙር ዛሬም ይዘመራል፤ ኃይሉን በሚዛን ለመመርመር ለሚሻ ተመራማሪም ተጽፎ ይጠብቀዋል።