ለአንድ ቀመር እንጀራውን የተወው መምህር

የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ የሰርኪዩት ትንተና ኮርስ ሲጀምር መምህሩ ሰሌዳ ላይ ቀድመው ከሚጽፉለት ቀመሮች አንዱ፣ ቮልቴጅ የከረንትና የሬዚስታንስ ብዜት ነው የሚለው ነው። ብዙው ተማሪ ከሃይስኩል ጀምሮ ስለሚያውቀው ቶሎ አልፎት ወደ ከባዱ ምዕራፍ መሄድ ይፈልጋል። ሦስት ፊደላት ብቻ ያሉት ይህ ቀመር ግን የዓመታት ልፋት ውጤት ነው። ያገኘውንም ሰው መተዳደሪያውን አስትቶታል። ይህ ሰው ጀርመናዊው ጌኦርግ ሲሞን ኦም ነው።

ኦም የተወለደው እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1789 በደቡብ ጀርመን በምትገኘው ኤርላንገን ከተማ ነው። አባቱ ቁልፍ ሠሪ ነበሩ። መደበኛ ትምህርት ባያገኙም ራሳቸውን በራሳቸው አስተምረው ለልጆቻቸው ሒሳብና ሳይንስ ያስጠኑ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ማርቲንም ኋላ የሒሳብ ሊቅ ለመሆን በቅቷል።

ኦም በ1805 ኤርላንገን ዩኒቨርሲቲ ገባ። ሆኖም ከትምህርቱ ይልቅ በጭፈራ፣ በበረዶ ላይ መንሸራተትና በቢሊያርድ ጊዜውን ማጥፋቱ አባቱን አስቆጣ። ከሦስት ሴሚስተር በኋላ ትምህርቱን አቋርጦ ስዊዘርላንድ ውስጥ የሒሳብ መምህር ሆነ። በግሉ እያጠና ቆይቶ ወደ ኤርላንገን በመመለስ በ1811 የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። ይሁንና ክፍያው ዝቅተኛ በመሆኑ በየትምህርት ቤቱ እያስተማረ ኖረ። በ1817 በኮሎኝ ከተማ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀጠረ። ትምህርት ቤቱ ጥሩ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ነበረው፤ ለኦም የሕይወቱ መታጠፊያ የሆነውም ይኸው ነው።

በዚያን ጊዜ ቮልታ ባትሪ ከሠራ 17 ዓመት ሆኖት ነበር። በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት በምን ያህል እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ ግን በሕግ የተቀመጠ ነገር አልነበረም። ኦም የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ሽቦዎች እያፈራረቀ መለካት ጀመረ። ችግሩ የዘመኑ ባትሪ ኃይሉ እየወረደ ውጤቱን ያዛባበት መሆኑ ነው። ፖገንዶርፍ የተባለው ሳይንቲስት በሰጠው ምክር ባትሪውን ትቶ፣ ከመዳብና ከቢስመት ብረቶች መጋጠሚያ የሚገኘውን ኤሌክትሪክ ተጠቀመ። አንዱን መጋጠሚያ በፈላ ውኃ፣ ሌላውን በበረዶ ውስጥ በማድረግ የማይዋዥቅ የኃይል ምንጭ አገኘ። ከረንቱንም በማግኔት መርፌ ለካ።

በ1826 ያሳተመው ውጤት ግልጽ ነበር። ሽቦው በረዘመ ቁጥር ከረንቱ ይቀንሳል፤ ሲሰላም የሽቦው ብቻ ሳይሆን የቀረው የሰርኪዩት ክፍል ሬዚስታንስ አብሮ ይደመራል። ዛሬ ተማሪዎች የኃይል ምንጭ ውስጣዊ ሬዚስታንስ ብለው የሚያሰሉት ከዚህ የመጣ ነው።

ኦም ይህንን በሒሳብ ተንትኖ በ1827 በርሊን ላይ በመጽሐፍ አወጣው። መጽሐፉ የዩኒቨርሲቲ መምህርነት ያስገኝልኛል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። ያገኘው ግን ቀዝቃዛ አቀባበል ነው። ፊዚክስን በሒሳብ የመተንተን ዘዴው ለብዙዎቹ የአገሩ ምሁራን አልተዋጠላቸውም። ቅር የተሰኘው ኦም በ1828 የኮሎኝ ሥራውን ለቀቀ። በ1833 ኑረምበርግ በሚገኘው ፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት እስኪቀጠር ድረስም ቋሚ ሥራ ሳይኖረው በርሊን ውስጥ እያስተማረ ቆየ።

ሕጉን በሙከራ ያረጋገጡት ቀስ በቀስ በዙ። ጀርመን ውስጥ ፌክነር፣ ሩሲያ ውስጥ ሌንዝ ተጠቀሙበት። በ1841 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳሊያ ሸለመው። በ1845 ደግሞ ኪርሆፍ የተባለ የ21 ዓመት የኮኒግስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ በኦም ሥራ ላይ ተመርኩዞ በስሙ የሚጠሩትን ሁለት የሰርኪዩት ሕጎች አሳተመ። እነዚህ የኦምና የኪርሆፍ ሕጎች እስካሁን የኮርሱ መሠረት ናቸው።

የሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ኦምን ሙሉ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ያደረገው በ1852 ነበር። ሲመኘው የኖረውን ወንበር ሁለት ዓመት ብቻ ተቀምጦበት ጁላይ 6 ቀን 1854 አረፈ። በ1881 ፓሪስ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ጉባኤ የሬዚስታንስ መለኪያ በስሙ እንዲጠራ ወሰነ።

የሚገርመው፣ እንግሊዛዊው ካቨንዲሽ ይህንኑ ዝምድና ከኦም 45 ዓመት ያህል ቀድሞ ደርሶበት ነበር። ነገር ግን አላሳተመውም፤ ማስታወሻዎቹን ማክስዌል ያወጣቸው በ1879 ነው። ካቨንዲሽ ሀብታም ስለነበር ዝም ማለቱ ያጎደለበት ነገር የለም። ደሞዝተኛው ኦም ግን ያገኘውን አደባባይ አውጥቶ ዋጋ ከፈለበት። ሳይንስም ሕጉን የሚጠራው በእሱ ስም ሆነ። ተማሪው በመጀመሪያው ሳምንት ላብራቶሪ ገብቶ ሽቦና መለኪያ ሲይዝ፣ የሚደግመው የዚህን መምህር ሥራ ነው።