ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤና ከቃል የሚቀድመው ምልክት

አንድ ሰው መድረክ ላይ ሲወጣ ገና ሳይናገር ብዙ ነገር ይታወቅበታል። በየት በኩል እንደ ገባ፣ ከማን ፊት እንደ ቆመ፣ ለማን እጅ እንደ ነሣ አይተን ጌታ ነው ወይም ሎሌ፣ ደፋር ነው ወይም ፈሪ እንለዋለን። ይህን ጥበብ ለመማር የግድ የባሕር ማዶ መጻሕፍት መጠበቅ የለብንም። ስለዚህ የቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤን ሕይወት በአጭሩ ለጓደኞቻችን እናቀርባለን።

ዮፍታሔ በ1887 ዓ.ም. በጎጃም፣ ደብረ ኤልያስ ተወለዱ። ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ነው። ቅኔ በሰም አንዱን እየተናገሩ በወርቅ ሌላውን ማሳየት ያስተምራል። በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ማኅሌት አለ። ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው፣ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ይዘምማሉ፤ ዜማው ዝግ ብሎ ተጀምሮ ከከበሮው ጋር እየፈጠነ ይሄዳል። ወዲያና ወዲህ ማለታቸውም እንዲሁ ጌጥ አይደለም፤ ጌታ በሕማሙ ጊዜ መንገላታቱን እንደሚያመለክት መምህራኑ ያስረዳሉ። ቀኝ ጌታ የሚለው ማዕረግ ራሱ በማኅሌት የቀኙን ረድፍ ከመምራት የመጣ ነው። እንግዲህ ዮፍታሔ ያደጉት የሰው መቆሚያ ማዕረጉን፣ እንቅስቃሴው ምሥጢሩን በሚናገርበት ሥርዓት ውስጥ ነው።

ወደ አዲስ አበባ መጥተው በመምህርነት ሲያገለግሉ ይህን ሀብት ወደ ቴአትር አመጡት። ከእርሳቸው በፊት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በፋቡላ ድርሰታቸው የሰውን ጠባይ በአውሬዎች መስለው አሳይተው ነበር። ዮፍታሔ ግን ምሳሌውን በሰው ስምና በሰው አካል ላይ አኖሩት። የሆድ አምላኩ ቅጣት የተባለውን ድርሰታቸውን እንመልከት፤ ርእሱን የሰማ ሁሉ ሰውየው ለምን እንደሚኖር መጋረጃው ሳይገለጥ ያውቃል። በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል ለተሰማው የኢትዮጵያ መዝሙርም ግጥሙን የደረሱት እርሳቸው ናቸው፤ ዜማው የኬቮርክ ናልባንድያን ነው። መዝሙሩ እስከ ንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ፍጻሜ ድረስ አገልግሏል።

ፋሺስት ኢጣልያ አገሪቱን በያዘች ጊዜ ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ እርሳቸውም ተመለሱ። አፋጀሽኝ የተባለው ቴአትራቸው የዚያን ዘመን መከራ ይዟል። አፋጀሽኝ ሰሙ የሴት ስም ነው፤ ወርቁ ግን ልጆቿ እርስ በርሳቸው የተፋጁባት አገር ናት። በዚህ ዓይነት ሥራ ተዋናይቱ አንዲት ሴት ብቻ ሆና ብትቆም ምሥጢሩ ይጠፋል፤ አንገቷን ስትደፋም ሆነ ቀና ስትል አገር ስትደፋና ቀና ስትል መታየት አለበት። ደራሲው በ1939 ዓ.ም. በ52 ዓመታቸው ዐረፉ።

ይሁን እንጂ ምስጋናችን ዓይናችንን እንዲሸፍን አንፈልግም። በዚያ ዘመን ቴአትር ግጥሙ ይረዝማል፤ ንግግሩም ብዙ ጊዜ ድርጊቱን ይጫነዋል። እኛ ከዚያ የወረስነው ግን ይህንኑ ጉድለት ይመስላል። ዛሬ በየግቢው ለበዓል በሚቀርቡት አጫጭር ድራማዎች ተዋንያኑ በድምፅ ማጉያው ፊት ተደርድረው፣ እጃቸው የሚገባበት አጥተው ሲደሰኩሩ እናያለን። ንጉሡም አሽከሩም አቋቋማቸው አንድ ነው።

እኛ ከሸርቆሌ የመጣን ተማሪዎች ይህ ይከነክነናል። በአገራችን በርታዎች ዋዛ ሲነፉ ያየ ሰው እንቅስቃሴ ምን እንደሆነ ያውቃል። ከቅል የተሠሩት ረጃጅምና አጫጭር መለከቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድምፅ ብቻ ያወጣሉ፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው እየተቀበለ፣ ነፊዎቹም አብረው እየተራመዱ ነው ዜማው የሚሞላው። አንዱ እርምጃውን ቢስት ሁሉም ይሰማዋል። ማኅሌቱና ዋዛው በሃይማኖትም በቋንቋም ቢለያዩ፣ አካል ያለ ቃል ሰውን ከሰው ጋር ሊያናግር እንደሚችል ሁለቱም ይመሰክራሉ።

ስለዚህ የቴአትር ክበባችን አዲስ ድርሰት ሲያጠና በመጀመሪያ አንዱን ትርኢት ያለ አንዲት ቃል እንዲሠራው እንጠይቃለን። ተመልካቹ ማን ማንን እንደሚፈራ፣ ማን ማንን እንደሚከዳ ከለየ ቃሉ ይጨመርበት። ካልለየ ግን ግጥሙ ምንም ቢያምር ሥራው ገና አልተጀመረም። ዮፍታሔን ማክበር ስማቸውን በመጥራት ብቻ አይፈጸምም፤ እርሳቸው ከማኅሌቱ እንደ ቀዱ እኛም ከደጃችን መቅዳት ይገባናል።