ስሙ በየዕለቱ የሚጠራው ሊቅ፦ የሃይንሪሽ ኸርዝ ሕይወትና የቴሌቪዥን ሞገድ

ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ፣ ከእምድብር ገበያ እስከ ቸሃ የገጠር ቀበሌዎች፣ ሬዲዮ በተከፈተበት ሁሉ አንድ ቃል ሳይሰማ አይውልም። ጣቢያዎች የሥርጭት ቁጥራቸውን ሲያስተዋውቁ ከቁጥሩ ቀጥለው ሜጋ ኸርዝ ይላሉ። ሜጋ ሚሊዮን ማለት ነው፤ ኸርዝ ግን የሰው ስም ነው። የስሙ ባለቤት ሃይንሪሽ ኸርዝ የተባለ ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ ሲሆን፣ ዛሬ ድምፅና ምስል ያለ ሽቦ ወደ ቤት የሚገቡበትን ሞገድ በሙከራ ያረጋገጠው እርሱ ነው። በ36 ዓመቱ ስላረፈ ከሥራው የተወለዱትን ሬዲዮንም ቴሌቪዥንንም አላየም። በአንድ የትምህርት አዳራሽ ውስጥ ያገኛቸው ሕጎች ግን አንድ የገጠር ቤት የቴሌቪዥን ሥርጭት ለምን እንደሚያገኝ፣ ከኮረብታው ወዲያ ያለው ጎረቤቱ ለምን እንደሚያጣ ዛሬም ያስረዳሉ።

የጠበቃው ልጅ

ሃይንሪሽ ሩዶልፍ ኸርዝ የተወለደው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1857 በወደብ ከተማዋ በሐምቡርግ ነው። ጊዜው በአገራችን ዐፄ ቴዎድሮስ ዘውድ ከጫኑ ሁለት ዓመት የሞላበት ነበር። አባቱ ጠበቃ ነበሩ፤ በኋላም የከተማዋ ሴናተር ሆነዋል። እናቱ የሐኪም ልጅ ነበሩ።

የቤቱ የበኩር ልጅ የሆነው ሃይንሪሽ በሁለት ወገን ጎበዝ ሆኖ አደገ። በአንድ በኩል ለቋንቋ የተለየ ተሰጥኦ ነበረው፤ ከግሪክኛ አልፎ ዓረብኛ እስከ መማር ደረሰ። በሌላ በኩል እጁ ለሥራ የፈጠነ ነበር፤ እንጨት ይጠርባል፣ በቶርኖ ብረት ይቀርጻል፣ የሚያስፈልገውን መሣሪያ ራሱ ይሠራል። የቶርኖ ሙያ ያስተማረው ባለሙያ ተማሪው በኋላ ፕሮፌሰር መሆኑን ሲሰማ፣ ጥሩ የቶርኖ ሠራተኛ ቀረብን ብሎ እንዳዘነ የኸርዝ እናት አስታውሰዋል። ይህ የእጅ ሙያ በኋላ ለታላቁ ሥራው መሠረት ሆነ።

መጀመሪያ የተሰማራው በምሕንድስና ትምህርት ነበር። በ1877 ሙኒክ ከተማ ሲደርስ ግን ልቡ ወደ ተፈጥሮ ምርምር አዘነበለ። ውሳኔውን ብቻውን አልወሰነም፤ ለወላጆቹ ደብዳቤ ጽፎ ፈቃድ ጠየቀ፣ አባቱም ፈቀዱለት። በሚቀጥለው ዓመት ወደ በርሊን ተሻግሮ በዘመኑ እጅግ የተከበረው ሊቅ የሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ተማሪ ሆነ። በ1880 የዶክትሬት ማዕረግ አገኘ።

ያልተመለሰው ጥያቄ

በዚያን ጊዜ ሊቃውንቱን ያስጨነቀ አንድ ጥያቄ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ኤሌክትሪክና ማግኔት ተያይዘው እንደ ውኃ ሞገድ በባዶ ቦታ ሊጓዙ እንደሚችሉ፣ ፍጥነታቸውም የብርሃን ፍጥነት እንደሆነ በ1860ዎቹ በስሌት አሳይቶ ነበር። ሞገዱን ግን ያየው ሰው አልነበረም። በ1879 የበርሊን ሳይንስ አካዳሚ ከዚሁ ጋር ለተያያዘ ጥያቄ መልስ ለሚያመጣ ሽልማት አቀረበ። ሄልምሆልትዝም ተማሪውን ኸርዝን እንዲሞክረው ገፋፋው። ኸርዝ አስልቶ ባሉት መሣሪያዎች ውጤቱ ሊታይ እንደማይችል ስለተረዳ ለጊዜው ተወው።

ከአንድ ሁለት የሥራ ቦታዎች በኋላ፣ በ1885 በደቡብ ጀርመን በካርልስሩሄ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት የሥራ ባልደረባው ልጅ የሆነችውን ኤሊዛቤት ዶልን አገባ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግድም በትምህርት ቤቱ መሣሪያዎች ሲሠራ፣ በአንዱ ጥቅል ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ ሲፈነጥቅ ራቅ ብሎ ባለው ሌላ ሽቦ ላይም ፍንጣሪ እንደሚታይ አስተዋለ። የቆየው ጥያቄ ተመልሶ መጣ።

ኸርዝ የሠራው መሣሪያ በዛሬ ዓይን ሲታይ ቀላል ነው። ሁለት የብረት ዘንጎችን በትንሽ ክፍተት ለይቶ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ሰደደባቸው፤ በክፍተቱ መካከል ብልጭታ ተፈጠረ። ይህ ማሰራጫው ነበር። ከዚያ ራቅ አድርጎ ጫፎቹ ሊነካኩ ጥቂት የቀራቸውን ክብ ሽቦ አቆመ። ይህ ደግሞ መቀበያው ነበር። ማሰራጫው ሲያብለጨልጭ በክቡ ሽቦ ጫፎች መካከልም ደቃቅ ብልጭታ ይታያል። እርሷን ለማየት አዳራሹን ማጨለምና ዓይንን ከጨለማው ማላመድ ያስፈልግ ነበር።

ሥራው እስከ 1888 መጨረሻ ቀጠለ። የሞገዱን ርዝመት ለካ፤ ፍጥነቱም ከብርሃን ፍጥነት ጋር የሚስማማ ሆኖ ተገኘ። ማክስዌል ከዚህ ቀደም ብሎ በ1879 ስላረፈ የስሌቱን መረጋገጥ አላየም።

አዳራሹና የጉራጌ ተራሮች

ኸርዝ በመጨረሻዎቹ ሙከራዎቹ የተጠቀመበት ሞገድ ርዝመቱ 66 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር፤ ይህም በሴኮንድ 450 ሚሊዮን ገደማ ንዝረት ማለት ነው። ዛሬ ዩ.ኤች.ኤፍ. በሚባለው ክልል የሚሠሩት የቴሌቪዥን ማሰራጫዎች ከ470 ሚሊዮን ኸርዝ፣ ማለትም ከ470 ሜጋ ኸርዝ፣ ይጀምራሉ። እንግዲህ ኸርዝ በአዳራሹ ያስሮጠው ሞገድ የዛሬው የቴሌቪዥን ሞገድ የቅርብ ዘመድ ነው። ስለዚህም ያያቸው ጠባዮች በየቤቱ ይታያሉ።

አንደኛ፣ ሞገዱ እንደ ብርሃን በቀጥታ መስመር እንደሚጓዝ አሳየ። በመንገዱ ላይ ሰው ሲቆም እንኳ ይደክም ነበር። ማሰራጫዎች በከፍታ ላይ የሚተከሉት በዚህ ምክንያት ነው። ከ3 ሺህ 700 ሜትር በላይ የሚደርሰው የዘቢዳር ተራራ ያለበት የጉራጌ ሰንሰለት ወልቂጤንና ቡታጅራን በሁለት ወገን ከፍሎ ይዟል። በአንዱ ወገን ዝቅ ብሎ የተተከለ ማሰራጫ ሌላውን ወገን አያየውም። በቸሃም ቢሆን ከሸንተረር ጀርባ ወይም ወንዝ ዳር የተሠራ ቤት ከማማው በቅርብ ርቀት ላይ ሆኖ ሳለ ሥርጭት ሊያጣ ይችላል። መፍትሔው ሞገዱን ከከፍታ ላይ ተቀብሎ ወደ ሸለቆው የሚያስተላልፍ ተጨማሪ ጣቢያ ማቆም ነው።

ሁለተኛ፣ ኸርዝ በግድግዳ ላይ 4 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ የዚንክ ሉህ ሰቅሎ ሞገዱ ተመልሶ እንደሚነጥር አረጋገጠ። በተዘጋ የእንጨት በር ግን አልፎ ሄደ። የቤት ክዳን ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ብረት ስለሆነ ያው ጠባይ አለው። የሣር ክዳን ባለው ቤት ውስጥ የተቀመጠ አንቴና ምልክት ሊያገኝ ሲችል፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያለው የሚቸገረው ለዚህ ነው። አንቴናን ከቆርቆሮው በላይ አውጥቶ መትከል ይገባል። እርጥብ ቅጠል ሞገዱን ስለሚያዳክመው፣ ጥቅጥቅ ያለ የባሕር ዛፍ ተክል ከፊት ባይኖር ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ የዚንክ ሉህ አጉብጦ ሞገዱን እንደ መብራት ጨረር ሰብስቦ ላከ፣ በሌላ ጎባጣ ሉህም ተቀበለው። በየጣሪያው ላይ የሚታየው ዲሽ የዚህ ጎባጣ ሉህ ልጅ ነው። የሳተላይት ቴሌቪዥን ተራራ የማይከለክለው ሞገዱ ከ36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ከላይ ስለሚወርድ ነው። ኢትዮሳት የተባለው የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ስብስብ በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ካለች ሳተላይት ሲሠራጭ፣ ዲሹ ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ ዞር ብሎ ወደ ሰማይ ቀና ማለት አለበት።

አራተኛ፣ ሞገዱ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ እንዳለው ተረዳ። መቀበያውን ሲያጋድመው ብልጭታው ጠፋ፤ ሲያቃናው ተመለሰ። ዛሬም የማሰራጫው ዘንጎች የተጋደሙ ከሆነ የቤቱም አንቴና መጋደም፣ የቆሙ ከሆነ መቆም አለበት። የዘንጎቹ ርዝመትም ከሞገዱ ግማሽ ጋር ይቀራረባል፤ ለዩ.ኤች.ኤፍ. ከ20 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው።

ከብልጭታ ወደ ዲጂታል

ኸርዝ ለግኝቱ ተግባራዊ ጥቅም አልታየውም ነበር። በ1889 መጨረሻ አንድ መሐንዲስ የስልክ ድምፅ በዚህ ሞገድ ሊላክ ይችል እንደሆነ በደብዳቤ ጠየቀው። ኸርዝ የድምፅ ንዝረት ዝግ ያለ በመሆኑ ሞገዱ እጅግ ረጅም እንደሚሆን፣ ለመሰብሰብም የአህጉር ስፋት ያለው መስታወት እንደሚያስፈልግ መለሰለት። ስሌቱ ትክክል ነበር። መውጫውን ያገኙት ከእርሱ በኋላ የመጡት ናቸው፤ ጭነት በበቅሎ እንደሚጫን ሁሉ ድምፁን በፈጣን ሞገድ ላይ ጫኑት።

በዲጂታል ሥርጭት የሚጫነው ቁጥር ነው። በስቱዲዮ ምስሉና ድምፁ ወደ አንድና ዜሮ ይለወጣሉ፤ የሚደጋገመው ተቀንሶ ይታመቃሉ። ከዚያ የብዙ ጣቢያዎች ቁጥር በአንድ ላይ ይታሰራል። ቀድሞ በአናሎግ አንድ ጣቢያ ብቻ ይይዝ የነበረ የ8 ሜጋ ኸርዝ ስፋት በዚህ ዘዴ ከአሥር በላይ ጣቢያዎች ሊሸከም ይችላል። ጥቅሉ በፋይበር፣ በማይክሮዌቭ ወይም በሳተላይት ወደ ተራራው ማሰራጫ ይደርሳል። ማሰራጫው በሺዎች በሚቆጠሩ ደቃቅ ሞገዶች ላይ ከፋፍሎ ይጭነውና አጉልቶ ከማማው ይለቀዋል። በቤት ያለው አንቴና ይቀበላል፤ ሪሲቨሩ ጥቅሉን ፈትቶ ተመልካቹ የመረጠውን ጣቢያ ያወጣል።

ቁጥሩ በብዙ ሞገዶች መከፋፈሉ ለተራራማ አገር ይጠቅማል። በአናሎግ ጊዜ ከገደል የነጠረው ሞገድ ዘግይቶ ሲደርስ ምስሉ ላይ ጥላ ይፈጥር ነበር፤ ዲጂታሉ ይህን ማሚቶ በተወሰነ ልክ ይችለዋል። ነገር ግን ምልክቱ ከሚበቃው በታች ሲወርድ ምስሉ እንደ ቀድሞው ቀስ በቀስ አይደበዝዝም፤ ተቆራርጦ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ጥቂት ያነሰው ቤትና ፈጽሞ ያጣው ቤት ሁለቱም ጥቁር መስኮት ያያሉ። የመጀመሪያው አንቴናውን ከፍ በማድረግ ሊድን ሲችል፣ ሁለተኛው የሚድነው ተጨማሪ ማሰራጫ ሲቆም ወይም ዲሽ ሲገዛ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ቤቱ ማማው ወዳለበት ከፍታ ግልጽ እይታ እንዳለው ማየት ይጠቅማል።

አጭር ዕድሜ፣ ረጅም ስም

ኸርዝ በ1889 ወደ ቦን ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። ክብር ከየአቅጣጫው ቢመጣለትም ጤናው ብዙ አልቆየም። በ1892 ከባድ ሕመም ያዘው፤ በተደጋጋሚ የቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በሕመሙ መካከል ማስተማሩንና ስለ መካኒክስ የጀመረውን መጽሐፍ መጻፉን አላቋረጠም። ጃንዋሪ 1 ቀን 1894፣ ከዐድዋ ድል ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ አረፈ። ኤሊዛቤት ከሁለት ሕፃናት ሴቶች ልጆች ጋር ቀረች።

በዚያው ዓመት ወጣቱ ጣሊያናዊ ጉልዬልሞ ማርኮኒ ስለ ኸርዝ ሥራ አንብቦ ሙከራ ጀመረ፤ በ1901 ምልክት አትላንቲክ ውቅያኖስን ተሻገረ። ኢትዮጵያ ሬዲዮን በ1927 ዓ.ም.፣ ቴሌቪዥንን በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ጀመረች። ኸርዝ በሙከራው መካከል በ1887 ያስተዋለው ሌላ ነገር፣ ብርሃን ከብረት ኤሌክትሪክ ማስወጣቱ፣ የመጀመሪያዎቹ ኤሌክትሮናዊ የቴሌቪዥን ካሜራዎች የሠሩበት መርህ ሆነ።

የኸርዝ ቤተሰብ ግን ሌላ መከራ ጠበቀው። የአባቱ ወገን የአይሁድ ዘር ስለነበረበት፣ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ምስሉ ከሐምቡርግ ማዘጋጃ ቤት ወረደ። ኤሊዛቤትና ልጆቿ አገራቸውን ለቀው ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። ታናሽቱ ማቲልዴ ንቦች ቅርጽን እንዴት እንደሚለዩ ያጠናች የታወቀች ተመራማሪ ነበረች፤ የነበራትን ሥራ ትታ ነው የሄደችው።

በ1930 ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን የንዝረት መለኪያ በኸርዝ ስም እንዲጠራ አደረገ፤ በ1960 ደግሞ ዓለም አቀፉ የመለኪያዎች ጉባኤ አጸደቀው። በትውልድ ከተማው በ1968 የተመረቀው፣ ወደ 280 ሜትር የሚጠጋው የቴሌቪዥን ማማም የኸርዝን ስም ይዟል።