የማያውቋት ያጨበጨቡላት፣ የሚያውቋት ያልወደዱላት ዳንሰኛ

ከዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ የጃፓን ባህላዊ ዳንስ የተቀረጸበት ዲቪዲ አውሶኝ ነበር። ማታ ከሥራ ስገባ ከፈትኩት። ፊቷን በነጭ የተቀባች፣ ኪሞኖ የለበሰች ዳንሰኛ (ወንድ መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው) በተሰቀለ ትልቅ ደወል አጠገብ ቀስ እያለች ትንሸራተታለች፤ ትዞራለች፤ ደግሞ ትቆማለች። አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ። ምንም የተፈጠረ ነገር የለም። እውነቱን ልናገርና፣ የሪሞቱን ማስሮጫ ተጫንኩት። በማግስቱ ወዳጄ እንዴት እንዳገኘሁት ሲጠይቀኝ አሪፍ ነው አልኩት። ዋሸሁ።

ያ ውሸት ሲቆጠቁጠኝ ከርሞ ስለ ዳንሱ ማንበብ ጀመርኩ። ንባቡም ሳዳያኮ ከምትባል ሴት ጋር አስተዋወቀኝ። እንደ እኔ ስለ ጃፓን ዳንስ ምንም ለማያውቅ ሕዝብ የአገሯን ዳንስ ተሸክማ የሄደች ሴት ናት። ታሪኳን ላካፍላችሁ። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የጌሻ ቤት ልጅ

ሳዳያኮ በ1871 ቶኪዮ ውስጥ ተወለደች። ለወላጆቿ አሥራ ሁለተኛ ልጅ ነበረች። የቤተሰቡ ኑሮ ሲቃወስ ገና በሕፃንነቷ ለጌሻ ቤት ተሰጠች፤ የቤቱ እመቤትም በማደጎ አሳደገቻት። ጌሻ በግብዣ ላይ እንግዶችን በሙዚቃ፣ በዳንስና በጨዋታ የምታስደስት፣ ለዚህም ከልጅነቷ ጀምራ የምትሠለጥን ባለሙያ ናት። ሳዳያኮ በዳንሱ ጎበዝ ወጣች። የጃፓን የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ኢቶ ሂሮቡሚ ሳይቀሩ በዘመኑ ልማድ መሠረት ደጋፊዋ ሆኑ።

ይሁን እንጂ የምትደንሰው በግብዣ ቤት እንጂ በትልቁ ቲያትር መድረክ አልነበረም። ካቡኪ የተባለውን ቲያትር በ1603 ገደማ ኪዮቶ ውስጥ የጀመረችው ኦኩኒ የምትባል ሴት ሆና ሳለ፣ በ1629 የጃፓን መንግሥት ሴቶች መድረክ ላይ እንዳይወጡ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ በካቡኪ ሴት ሆነው የሚጫወቱት ወንዶች ናቸው። የእኔም ዲቪዲ ነገር እንዲሁ ነበር።

ሳዳያኮ በሃያዎቹ ዕድሜዋ መጀመሪያ ላይ ካዋካሚ ኦቶጂሮ የሚባል ተዋናይ አገባች። ኦቶጂሮ መንግሥትን በሚሸነቁጥ ዘፈኑ የታወቀ፣ ከፖሊስ ጋር የማይስማማ፣ ዕቅዱ ከኪሱ የሚበልጥ ሰው ነበር። በ1896 ቶኪዮ ውስጥ የራሱን ቲያትር ቤት ከፈተ። ለፓርላማ ተወዳድሮ ተሸነፈ። ዕዳው ሲከመርበት ሚስቱን በትንሽ ጀልባ አሳፍሮ በባሕር መንከራተት ጀመረ። በመጨረሻ በ1899 ሚያዝያ መገባደጃ ላይ የቲያትር ቡድኑን ይዞ በመርከብ ወደ አሜሪካ ተነሣ።

ረሃብ በመድረክ ላይ

ሳዳያኮ ሳን ፍራንሲስኮ የደረሰችው የኦቶጂሮ ሚስት ሆና እንጂ ተዋናይት ሆና አልነበረም። ይሁንና አሜሪካ ውስጥ ትርኢቱ የተዋወቀው በእሷ ስም ነበር። የአሜሪካ ተመልካች ሴት ሆኖ የሚጫወት ወንድ አልለመደም፤ የሚጠብቀው ሴት ነበር። ስለዚህ በሃያ ስምንት ዓመቷ ገደማ፣ በልጅነቷ የተማረችውን ዳንስ ይዛ መድረክ ላይ ወጣች።

ብዙም ሳይቆይ ሥራቸውን እንዲያስኬድ የተዋዋሉት ሰው የትርኢቱን ገቢ ይዞ ተሰወረ። ባዶ እጃቸውን ከከተማ ከተማ እየተንከራተቱ ቺካጎ ደረሱ። ኦቶጂሮ በኋላ እንዳወጋው፣ እዚያ ለአንድ ቀን ብቻ መድረክ ሲፈቀድላቸው ተዋናዮቹ ለቀናት እህል አልቀመሱም ነበር። በውጊያው ትዕይንት የወደቀው ሁሉ መነሣት አቃተው። ተመልካቹ ግን ትወናው ቢያስደንቀው በጭብጨባ አዳራሹን አናጋው። ኦቶጂሮ ወሬ ማሳመር ይወድ ነበርና ጥቂት ጨምሮበት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ቦስተን ውስጥ የሆነው ግን ጨዋታ አልነበረም፤ ሁለት የቡድኑ ተዋናዮች እዚያው ሞቱ።

ለእንግዳ የተቆረጠ ዳንስ

ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን የሚያሳዩትን ነገር እንዴት እንዳዘጋጁት ነው። ተመልካቹ ጃፓንኛ አይችልም። ስለዚህ ንግግሩን አሳጠሩ፤ ዳንሱንና ውጊያውን አበዙ። ዋናው ትርኢታቸው ጌሻዋና ጦረኛው የሚባል ሲሆን፣ ከሁለት የተለያዩ የካቡኪ ሥራዎች ተቆርጦ የተሰፋ ነበር።

ከሁለቱ አንዱ በ1753 ለመድረክ የበቃው የዶጆጂ ቤተ መቅደስ ዳንስ ነው። መነሻው የቆየ አፈ ታሪክ ነው። አንዲት ወጣት አንድን መነኩሴ ትወዳለች። እሱ ይሸሻትና በዶጆጂ ደወል ውስጥ ይደበቃል። እሷ በንዴት እባብ ትሆንና በደወሉ ላይ ተጠምጥማ በቁጣዋ እሳት ታቃጥለዋለች። ዳንሱ የሚጀምረው ከዓመታት በኋላ አዲስ ደወል ሲሰቀል ነው። አንዲት ዳንሰኛ መጥታ መነኮሳቱን እንዲያስገቧት ትለምናለች፤ ገብታም ትደንሳለች። አንዴ በማራገቢያ፣ አንዴ በፎጣ፣ አንዴ በትንንሽ ከበሮ ትጫወታለች። ረዳቷ ከኋላ ሆኖ የኪሞኖዋን ክር ሲመዘው የላይኛው ልብስ ወልቆ ሌላ ቀለም ብቅ ይላል። ማንነቷ የሚገለጠው መጨረሻ ላይ፣ ደወሉ አናት ላይ ስትወጣ ነው።

ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሳዳያኮ ያን ያህል ጊዜ አልነበራትም። በእነሱ ቅንብር የተከዳችው ሴት መነኮሳቱን በዳንስ አዘናግታ ትገባለች፤ ተቀናቃኟ ላይ ትዘላለች፤ ከዚያም በሐዘን ትሞታለች። ነገሩ ለእንግዳ ዓይን ግልጽ ነው፤ ሴት ተከዳች፣ ተቆጣች፣ ሞተች።

በ1900 ለንደን ውስጥ በእንግሊዝ አልጋ ወራሽ ፊት ታዩ። ከዚያ አሜሪካዊቷ ዳንሰኛ ሎይ ፉለር በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ወዳሠራችው ቲያትር ቤት ወሰደቻቸው። ነጋዴም ነበረችና፣ ተመልካቹ ስለ ጃፓን የሰማው ሆድን በሰይፍ ቀድዶ መሞትን ነው ብላ ያንኑ እንዲያስገቡ አደረገች። ፓሪስ አበደች። ኢሳዶራ ዱንካን ደንቋት ተመለከተች፤ ፒካሶ ሳላት፤ በስሟ የተሰየመ ኪሞኖ ገበያ ላይ ዋለ። በ1902 ማዳማ ቢራቢሮ የተሰኘውን ኦፔራ ይደርስ የነበረው ፑቺኒም ሚላን ድረስ ሄዶ አያት።

አገሯ ምን አላት?

ጃፓናውያን ግን አልተደሰቱም። ካቡኪን የሚያውቁ ሰዎች ሥራው ካቡኪ አይደለም፣ ቁርጥራጭ ነው፤ አገራችንን በባዕድ ፊት አዋረዱ ብለው ተቹ። ሐሰት አላሉም። ከሁለት ቦታ ተቆርጦ የተሰፋ ነው፤ ሆድ መቅደዱም ለገበያ የገባ ነው። እኔ ግን ከሳዳያኮ ጋር ነኝ። ያን አጭር ዳንስ ባታሳይ የፓሪስ ሰው ምንም ባላየ ነበር። ሙሉውን ብታሳየውም እንደ እኔ ማስሮጫ ይፈልግ ነበር።

ደግሞም ሳዳያኮ በጭብጨባው አልቆመችም። በ1903 ቶኪዮ ውስጥ በሼክስፒር ኦቴሎ ዴዝዴሞናን ሆና ተጫወተች። በ1908 የተዋናይት ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ከፈተች። በዘመኑ ተዋናይት መሆን ነውር ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቿ አንዷ የሕግ ባለሙያና የፓርላማ አባል ልጅ ሞሪ ሪትሱኮ ስትሆን፣ ቀድሞ የተማረችበት ትምህርት ቤት ስሟን ከምሩቃኑ መዝገብ ሰርዞባታል። ልጅቷ ግን ጸንታ ዝነኛ ተዋናይት ሆነች።

ኦቶጂሮ በ1911 አረፈ። ሳዳያኮ በ1917 ከመድረክ ተሰናበተች። ከዚያም በወጣትነቷ ከምታውቀው የኤሌክትሪክ ኃይል ባለሀብት ፉኩዛዋ ሞሞሱኬ ጋር ኖረች። ሰውየው ባለትዳር ነበርና ሐሜቱ አልቀረላትም። በ1946 በ75 ዓመቷ ስትሞት ጃፓን ከጦርነት ፍርስራሽ ገና አልወጣችም ነበር።

በቅርቡ ያንን ዲቪዲ መልሼ ተዋስኩ። ለወዳጄም የያኔውን ውሸቴን ነገርኩት፤ ሳቀብኝ። ማታ ከፈትኩት። ያው ዳንሰኛ፣ ያው ደወል። ምንም አልተፈጠረም ብዬ ባሳለፍኩት አሥር ደቂቃ ውስጥ፣ ዳንሰኛዋ ዞር ስትል ዓይኗ ደወሉ ላይ ያርፋል። ትንሽ ቆየት ብላ ደግማ ታየዋለች። መነኮሳቱ አልገባቸውም። ያን ማታ ለእኔም አልገባኝም ነበር።